ኮፍያ በእጅ

እናትየው በሦስተኛ ፎቅ በረንዳዋ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር ያየቻቸው። ሁለት ፖሊሶች። ከላይ ሲታዩ ራስና ትከሻ ብቻ ናቸው፤ ፊት የቀደመው ኮፍያ አድርጓል። ከኋላ ያለው ፀጉረ አጭር ለጋ ወጣት ግን ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

አንሶላው ከእጇ ወደቀ።

ፖሊስ ኮፍያውን አውልቆ ሰው ቤት የሚመጣው ለምን እንደሆነ ታውቃለች። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ባሏ ለቅኝት እንደወጣ በቀረበት ቀን፣ የባሏ አለቃ የነበረው ሃምሳ አለቃ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ለጥፎ በሯ ላይ ነበር የቆመው። ዛሬ ደግሞ ልጇ እንደ አባቷ ፖሊስ ሆና ቅኝት ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። «የአባትሽ አይበቃም?» ብትላት፣ «እማዬ፣ የፈለግሁት ሥራውን ነው እንጂ ሞቱን አይደለም» ብላ ነበር የወጣችው።

ኮቴው አንደኛ ፎቅ ደረሰ። ሁለተኛ። «ሌላ ቤት ይሁን» አለች በልቧ፤ ወዲያው ለጎረቤት ክፉ መመኘቷ አሳፈራት።

በሩ ተንኳኳ።

ከበሩ ኋላ ቆመች። ካልከፈተች አትሰማም፤ ካልሰማች ልጇ አልሞተችም።

«እትዬ፣ አሉ?»

የሃምሳ አለቃው ድምፅ! ያው የዚያን ቀኑ። በሩን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች።

«ተኝታ ይሆናል» አለ ከበሩ ማዶ አንድ ቀጭን ድምፅ። «ቁልፌን ረስቼ ባልወጣ ኖሮ እዚህ ድረስ ባላመጣሁዎት!»

«ቆይ አንቺ፣ ኮፍያሽስ?»

«ይኸው በእጄ። ሰፍቶኝ ዓይኔ ላይ እየወረደ አስቸገረኝ እኮ፣ ጋሼ።»

«አድርጊው! እናትሽን ልትገድያት ነው? ኮፍያ አውልቆ በር የሚያንኳኳ መርዶ ነጋሪ ነው!»

«ኧረ በሞትኩት! ማን ነገረኝ?»

በሩ ተከፈተ። እናትየው ልጇን አላቀፈቻትም፤ ትናንት የተቆረጠውን ፀጉር ትክ ብላ አየችው።

«እኔው የወለድኩትን ጭንቅላት አላወቅሁትም» አለች።

«እማዬ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«አምጪው ኮፍያውን።»

«ቸኩለናል እትዬ» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ዓይኑን ከዓይኗ እያሸሸ።

«ያን ቀን አልቸኮሉም፤ ዛሬም ይታገሱኝ።»

መርፌና ክር አመጣች። ክሩ አልገባ አላት፤ ልጅቷ ተቀብላ አስገባችላት። እናትየው የኮፍያውን የውስጥ ጥብጣብ አጥፋ ጠበቅ አድርጋ ሰፋችና በልጇ ራስ ላይ ደፋችው።

«ጭንቅላትሽን ወዝውዢው።»

ወዘወዘችው። «አይወልቅም፣ እማዬ።»

«ድገሚው» አለች እናትየው።