ሠላሳ ሰባተኛዋ

አስካለች ካሜራ ውስጥ ፊልም ስትጭን ጨለማ ክፍል ትገባለች። በሩን ከውስጥ ትቀረቅርና ሥሩን በአሮጌ ጋቢ ትወትፋለች። ከዚያ በኋላ ዓይን ሥራ የለውም፤ ጣት ብቻ ነው። ሌላው ፎቶ አንሺ ደጅ ላይ ቆሞ የፊልሙን ጫፍ ይስባል፣ ክዳኑን ገጭ አድርጎ ይዘጋል፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በባዶ ያነሣል፤ ብርሃን ያየው ጫፍ ተቃጥሏላ! የእሷ ግን ብርሃን ስላላየ የሚቃጠል የለውም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ሠላሳ ስድስት ተብሎ የተጻፈው ፊልም በእሷ እጅ ሠላሳ ሰባት ይሰጣል። አንድም ቀን ቀርቶባት አያውቅም።

ታዲያ ያቺ ሠላሳ ሰባተኛዋ የማን ናት? ጠቡ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው።

«የኔ ናታ!» ባይ ናት አስካለች። ሠላሳ ስድስቱ የደንበኛው ነው፤ እሱን አልነካችም። አንዷ ግን ጣቷ ባይጠነቀቅ ኖሮ ጭራሽ አትኖርም ነበር። በእሷም ሰው አታነሣባትም፤ አበባ ነው የምታነሣባት።

አዎ፣ አበባ! ኢሕአዴግ ከገባ ዘጠኝ ዓመት ገደማ በሆነበት በዚያ ጊዜ፣ ወላይታ ሶዶ ላይ ፊልም ለአበባ የሚያውል ሰው ጤናው ያጠራጥር ነበር። ፊልም ለሠርግ ነው፣ ለምረቃ ነው፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ገበየውማ ይህን ነገር ሲሰሙ ራሳቸውን ይይዛሉ። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ከከፈቱ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ወለል ልትጠርግ የተቀጠረችን ልጅ ካሜራ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። ብቻ አበባ የሚባል ነገር አይግባቸውም።

«አበባ ካማረሽ ይኸውልሽ!» ይሏታል፣ ደንበኛ ክንዱን የሚያስደግፍበት ጠረጴዛ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ጽጌረዳ እያሳዩ። «አይጠወልግ! ውሃ አይል!»

«አዎ፣ ኦሞ ብቻ ነው የሚለው» ትላለች እሷ። በየቅዳሜው አቧራውን የምታጥብለት እሷ ናት እኮ።

የቤቱን ካሜራ፣ ዜኒቷን ግን ትወዳታለች። ከባድ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ላይ አንገት ትቆርጣለች፤ ስታነሣም «ቋ!» የምትለው ነገር አላት፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዘምራኑን ስንት ጊዜ አስደንግጣለች! አስካለች ያቺን «ቋ» ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። አንድ ቀን ሌንሷን ፈትታ ስትወለውል፣ እንዲያው ለጨዋታ ገልብጣ ካሜራው አፍ ላይ ብትደግነው፣ ጠረጴዛው ላይ የምትሄድ ጉንዳን በግ አክላ ታየቻት። «ኢየሱስ!» ብላ ሌንሱን ልትጥለው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ያልገባችበት ጓሮ የለም። ሌንሱን በግራ እጇ ገልብጣ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ወደፊትና ወደኋላ በትንሽ በትንሹ እየተወዛወዘች የባቄላ አበባ፣ የቡና አበባ፣ የድንች አበባ ታነሣለች። በአንድ ፊልም አንዲት ብቻ። ከለር ፊልም በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዶ ታጥቦ በሳምንቱ ሲመለስ፣ ፖስታውን ቀድማ የምትከፍተው እሷ ስለሆነች የራሷን አውጥታ መዝሙር ደብተሯ ውስጥ ትሸጉጣለች። ጋሼ ገበየው ወሬውን እንጂ ፎቶዎቹን አይተው አያውቁም።

እንዲህ ሆና ሳለች፣ ጥር ላይ ጉኑኖ አካባቢ ሠርግ አንሺ ተብላ ተላከች። ሙሽራው ሶዶ የሚያስተምር ዮሴፍ የሚባል መምህር ነው። ሠርጉ ግን እናቱ ቤት ነው። እናቱ ፈጠነች ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ስምንት ዓመታቸው ነው። መንደሩ በሙሉ «አዬ ፈጠነች» ይላቸዋል፤ እናትን እንደሚጠሩት ማለት ነው።

ሠርጉ ደመቀ። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ሙሽሪት አለቀሰች፣ አማቾቹ ተቃቀፉ፤ አስካለችም ሠላሳ ስድስቱን አንድ በአንድ አነሣች። ካሜራውን ልትከድን ስትል አዬ ፈጠነች እጇን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷት።

ጓሮው እንሰት ነው። ከእንሰቶቹ መሃል አንዱ አብቧል። ከአናቱ የወጣው ወፍራም ግንድ ወደ ታች ተቆልምሞ፣ ጫፉ ላይ እንደ ጎመን የተደራረበ ጥቁር ቀይ ነገር ተንጠልጥሏል።

እንሰትን የሚያውቅ ይህን ሲያይ ያፍራል። እንሰት የሚቆረጠው ሳያብብ ነው። ካበበ ጉልበቱን በሙሉ አበባው ይበላዋል፤ ለገበታ የሚሆን አይተርፍም፤ ተክሉም ቆሞ ይሞታል። ስለዚህ እንሰት ያበበበት ጓሮ የሰነፍ ጓሮ ነው፤ ሰው አልፎ ሲሄድ እየተጠቋቆመ ይስቃል።

«ልጆቼ እንግዳ ሳይመጣ እንቁረጠው፣ አሳፈረን ብለው ሦስት ቀን ነዘነዙኝ» አሉ አዬ ፈጠነች በወላይትኛ። «አባታቸው በሞተበት ዓመት የተከለው ነው። ሌላውን ሁሉ በልተነዋል። ይሄን አላስነካም አልኩ። ሰኞ ግን ይቆርጡታል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ከፎቶሽ የተረፈ አለ?»

አስካለች ቁጥሩን አየች። ሠላሳ ስድስት ላይ ቆሟል።

«አንድ አለች፣ አዬ።»

«ለእሱ አድርጊልኝ። እኔን አታንሺ፣ እሱን ብቻ። እንዴት እንደነበረ ልይበት።»

«እሺ። ቃሌ ነው።»

ይህን ተባብለው ሳይጨርሱ ግቢው ውስጥ ጉድ ፈላ። ጌታሁን መጣ! ጌታሁን የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ሲል እጅ የሚወጣለት ዓይነት ሰው። ሠርጉ ሊያልቅ ሲል በመንግሥት መኪና ከች አለ። ሰው ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ። እሱ እቴ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ በሙሽሮቹ መሃል ገብቶ ኮቱን ቆለፈ።

«በይ አንሺን!»

«ሠላሳ ስድስቱ አልቋል» አለች አስካለች።

«ሌላ ፊልም አግቢያ።»

«ሌላ አልያዝኩም። የቀረችው አንዲት ናት፤ እሷም ተይዛለች።»

«ተይዛለች? በማን ነው የተያዘችው?»

ልጅቷ ትንሽ ብትዋሽ ምን ነበረበት? ካሜራው ተበላሸ ብትል ማን ይመረምራታል? ግን መዋሸቱ አናደዳት። ማንን ሰርቄ ነው የምዋሸው አለች በልቧ።

«ጓሮ ባለው እንሰት» አለች ጮክ ብላ።

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው ሳቀ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ፤ የሙሽሪት አጎት ሳቁ ትን አላቸው። ጌታሁን ግን ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«በኔ ፋንታ እንሰት?»

«በእርስዎ ፋንታ አይደለም። እሱ ቀድሞ ነው የተያዘው።»

ዮሴፍ ላብ አጠመቀው። «እባክሽ አስካለች፣ በናትሽ አንሺን! እኔ ነገ እዚሁ አገር ነኝ እኮ» እያለ ለመናት። ይሄኔ ሆዷ ባባ። ሙሽራ ሲለምን ጨክኖ ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አዬ ፈጠነች ከጓሮው መጥተው መሃላቸው ቆሙ።

«ቃል ሰጥታኛለች» አሉ። «በዚህ ቤት እኔ ገና አልሞትኩም።»

ጌታሁን እህል ሳይቀምስ ወጣ። መኪናው አቧራውን ድንኳኑ ላይ በትኖት ሄደ።

አስካለች የሠርጉን አግዳሚ ወንበር ተሸክማ ጓሮ ገባችና እላዩ ላይ ወጣች። አንዲት ብቻ ናት ያለቻት፤ ብትሳሳት መመለሻ የለም። ከሩቅ ሙሉውን ላንሣው? አለች። ሙሉውንማ ሰው ሁሉ አይቶ ስቆበታል። ጠጋ አለች። ጥቁር ቀዩን ቅጠል ከሥሩ ቀና ብላ ብታየው፣ ውስጡ ወተት የመሰሉ ትናንሽ አበቦች እንደ ጣት ተደርድረዋል፤ እላያቸው ላይ ማር የሚመስል ጠብታ አለ፤ አንዲት ንብ ራሷን ቀብራ ትጠጣለች። እዚህ አገር ተወልዳ ስታድግ ይህን አይታ አታውቅም። ማን አይቶት ያውቃል? ሰው ከማየቱ በፊት ነው የሚቆርጠው።

ሌንሱን ፈታች፣ ገለበጠች፣ በግራ እጇ አጥብቃ ያዘች። ትንፋሿን ዋጠች። ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ ደግሞ ወደፊት። የንቧ ክንፍ ጥርት ብሎ ሲመጣላት ተጫነችው።

«ቋ!»

ፊልሙን ለማዞር ብትሞክር እምቢ አለ። አልቋል።

ሶዶ ከመድረሷ በፊት ወሬው ደርሶ ነበር። የጌታሁን መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን ጉርድ ፎቶ በሙሉ የሚያስነሣው ጋሼ ገበየው ዘንድ ነው።

«ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ እሱ ራሱ ይመጣል» አሏት ጋሼ ገበየው። «በፊቱ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ ያቺን ፎቶም በእጁ ትሰጪዋለሽ፤ ቀዶ ይጣላት። ካልሆነ እኔና አንቺ ተለያየን። ሰማሽ?»

ሰምታለች። ሳምንቱን በሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም። ካሜራ ካልያዘች ምን ልትሆን ነው? ዜኒቷ እንደሆነች የቤቱ ናት፤ የእሷ አይደለችም። ያቺን የፕላስቲክ ጽጌረዳ እንኳ በዚያ ቅዳሜ ስታጥብ አሳዘነቻት።

ፖስታው ሐሙስ ቀን መጣ። ጌታሁን ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ጋሼ ገበየው ራሳቸው ከፈቱት። ሙሽሪት፣ አማቾች፣ መዘምራን እያሉ ቆጠሩ። መጨረሻ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አጠለቁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ጌታሁን ተነሥቶ ከትከሻቸው በላይ አየ። አንገቱን አስግጎ ቀረበ። ከዚያ፣ «ይሄ እንኳ የኛ አገር አበባ አይደለም» አለ። «የውጭ ነው። እንዲህ ያለ በካሌንደር ላይ አይቻለሁ። ከየት አገኘሽው?»

«እርስዎ እህል ሳይቀምሱ ከወጡበት ቤት ጓሮ» አለች አስካለች። «ያ እንሰት ነው።»

ጋሼ ገበየው ሳል የመሰለ ነገር አመለጣቸው፤ ሳቅ ይሁን ሳል እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ጌታሁን ፎቶውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ ነገሩን ቶሎ አጠፈው።

«በቃ፣ ይቅርታውም ይቅር» አለ። «ይህቺን ስጪኝ፤ ኔጋቲቩንም ጨምሪ። በትልቁ አሳጥቤ ቢሮዬ እሰቅለዋለሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ጋሼ ገበየው እፎይ ብለው። «በይ ስጪው፣ ተገላገልን!»

«አልሰጥም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ባለቤት አላት። ቃል ሰጥቻለሁ። እንኳን ለቢሮ ግድግዳ፣ ለራሴም አላስቀራትም።» እጇን ዘርግታ ፎቶውን ከጌታሁን ጣቶች መሃል ሳበችው። ከፖስታው ውስጥ ብቻዋን የቀረችውን የኔጋቲቭ ቁራጭ አወጣች። ሁለቱንም መዝሙር ደብተሯ ውስጥ ከተተች። «ሠላሳ ስድስቱ ይኸው፣ ጋሼ፤ አንድ አልጎደለም።»

ጌታሁን ጣቱን ቀስሮ፣ «የመሥሪያ ቤታችን ሰው ከእንግዲህ የዚህን ቤት ደጃፍ አይረግጥም!» አለ። በሩን እንዴት አድርጎ ዘጋው መሰላችሁ! የፕላስቲኩ ጽጌረዳ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ጋሼ ገበየው ጮኹ። ውለታ ቢስ አሏት፣ ዓይንሽን በጨው አጥበሻል አሏት፣ ሌላም ሌላም አሉ። እሷ ቆማ ሰማቻቸው። ሲደክማቸው ተቀመጡና የቀረውን ኔጋቲቭ ለብርሃን ይዘው ያዩት ጀመር።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንዱም ፊልም ሠላሳ ሰባት ወጥቶልኝ አያውቅም። እንዴት አድርገሽ ነው?»

«አሳይዎታለሁ። ግን ሠላሳ ሰባተኛዋ የኔ ናት። ከአሁን በኋላ በድብቅ አላደርገውም።»

«ከፊቴ ጥፊ!» አሉ። በሩን ከፍታ ስትወጣ ደግሞ፣ «ሰኞ እንነጋገራለን» ሲሉ ሰማቻቸው።

ወደ ጉኑኖ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈረች። አዬ ፈጠነች ደጃፍ ላይ አገኟት። ጓሮው ውስጥ እንሰቱ የነበረበት ቦታ ባዶ ጉድጓድ ሆኗል፤ የቆረጠው ታላቁ ልጃቸው ደገፉ እዚያው አፈር ይመልሳል።

ፎቶውን ሰጠቻቸው፤ ሌላ የሚታጠብበት ኔጋቲቭም እሷ ዘንድ እንዳለ ነገረቻቸው። አሮጊቷ አቀረቡት፣ አራቁት።

«የት ነው ያለው?»

«ይኸው፣ አዬ። ከቅጠሉ ሥር የነበረው ነው። ውስጡ ነው።»

ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ንቧን በጣታቸው ነኩ። ከዚያ እያነከሱ እስከ ጉድጓዱ ሄዱና ፎቶውን ደገፉ አፍንጫ ሥር ደቀኑት።

«ይሄን ነው አሳፈረን ያላችሁኝ?»

ደገፉ አካፋውን አስደግፎ አየ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና እንደገና አየ።

አዬ ፈጠነች ግን አልጠበቁትም። ምስማር አምጣ አሉት። ሳሎን ውስጥ፣ የሙሽሮቹ ፎቶ ሊሰቀልበት ታስቦ የነበረ ባዶ ቦታ አለ፤ ደገፉ ወደዚያ ሲሄድ በቁጣ መለሱት። የፊት በሩ ላይ፣ ውጪ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት በኩል አስመቱት።

«የሙሽሮቹስ?» አለ ደገፉ።

«እነሱ ውስጥ ይበቃቸዋል።»

«አዬ፣ እዚህ ከዋለ ፀሐይ ይበላዋል እኮ!» አለች አስካለች ደንግጣ። «ቀለሙ ሁለት ክረምት አይቆይም።»

አሮጊቷ ወደ እሷ ዞሩ።

«ታዲያ ፍሬው አንቺ ዘንድ አይደለም? ሲደበዝዝ ሌላ ታመጪልኛለሽ» አሉና፣ ምስማሩ ጠበቅ ማለቱን በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው አዩት።