ሲዲ አይወፍርም

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ክር እስከ መጨረሻው ቋጠሮ እውነት ነው። ዋሽቼ እንደሆነ ምላሴ ይቆረጥ። ያለ ምላስ ደግሞ እኔ አንድ ቀን እንደማላድር ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ በከንቱ እንደማልምል ይገባችኋል። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ከትምህርት ጋር ተኳርፈን ቀረን እንጂ፣ ያየሁትን ለመናገር ሰርተፍኬት አያስፈልገኝም።

ልብስ ሰፊው በሰፈሩ «ሁለት ጣት» ይባላል። ስሙን ያወጣንለት ደንበኞቹ ነን። ሱሪ ልታሰፋ ስትሄድ ወገብህን በሜትር ይለካና ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰምራል። ከዚያ ሁለት ጣቱን መስመሩ ላይ ጎን ለጎን አስተኝቶ በዚያው ልክ ይጨምራል። «ለምን?» ካልከው፣ «ዛሬ የለካሁት ሰውዬ የዛሬ ዓመት የለም፤ ወፍሮ ሌላ ሰው ይሆናል» ይልሃል። እውነቱን ነው። በሰፈራችን ሱሪ የጠበበው አንድም ሰው የለም። መንገድ ላይ ሱሪ የወለቀበት ግን ሞልቷል።

ይህ ሰው አንድ ሺህ ስምንት መቶ የፊልም ሲዲ ነበረው። ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ተኩሱ ሲሞቅ ፊልሙን ያቆምና ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጥፎ የወንበዴውን ኮት ኮሌታ ይለካል።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይ ይሙት ወይ ይዳን፣ ልቀቀው!» ትላለች ሚስቱ።

«ቆይ፣ ቁልፎቹን ልቁጠር።»

ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ አንዱን የሲዲ ሣጥን ከመደርደሪያው መዞ «እንደዚህኛው ላድርግልህ ወይስ እንደዚያኛው?» ይላል። ሌላው ልብስ ሰፊ የሞዴል መጽሔት አለው። የእሱ መጽሔት መደርደሪያው ነው።

መደርደሪያው የውስጠኛዋን ጠባብ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ፣ በሁለት ረድፍ ውጧታል። ከክብደቱ ብዛት ቤቱ ራሱ ወደዚያ ዘሟል። በሩ ላይ ኳስ ብታስቀምጥ ማንም ሳይነካው ተንከባሎ መደርደሪያው ሥር ይገባል። ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆው በአንድ ወገን ሞልቶ በሌላው ይጎድላል።

አንድ ማክሰኞ ሚስቱ ስልኳን ዘግታ መጣችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«እማዬ ጡረታ ወጥታለች። ቅዳሜ መጥታ ከኛ ጋር ትኖራለች።»

«እሰይ! የት ትተኛለች?»

ሚስቱ በአገጯ መደርደሪያውን አሳየችው።

«ፊልሞቼስ?»

«ወንድሜ ፒካፑን ይዞ ይመጣል። እሷን ያወርዳል፣ እነሱን ይጭናል።»

ሁለት ጣት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ይለምን ነበር። እሱ ግን በድንጋጤ እንኳ እጁ ሜትር ነው የሚፈልገው። አንድ ሣጥን አንስቶ ለካ። ከፈተው። ውስጡ ያለችው ሲዲ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትወፍር ናት። የቀረው ባዶ ነው።

«እስከ ዛሬ የደረደርኩት አየር ነው እንዴ!» አለ።

ወዲያው ዘዴው ፈለቀለት። ከሱቁ ጥግ የተከመረውን የገበር ጨርቅ ቁርጥራጭ ቀጭን ቀጭን ኪስ አድርጎ ይሰፋል። በየኪሱ አንድ ሲዲና የሽፋኑ ወረቀት ይገባል። ጎረቤቱ አናጺ የመደርደሪያውን ጣውላ ወደ አልጋ ይለውጠዋል፤ ከአልጋው ሥር ሦስት ረጃጅም መሳቢያ ያበጃል። አማቱ ከላይ፣ ፊልሞቹ ከታች።

ሚስቱ ነገሩን ሰምታ ጣቷን ቀሰረች። «ቅዳሜ ፀሐይ ስትገባ ከመሳቢያው ውጪ አንዲት ሲዲ ካየሁ፣ ሁሉም ይጫናል።»

«ሁሉም?»

«ያ ባለኮቱ ወንበዴህ ጭምር።»

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ የሱቁ በር አልተዘጋም። ለተኩስ ፊልም ቀይ ኪስ፣ ለፍቅር ሰማያዊ፣ ለሚያስለቅሰው ጥቁር። የስፌት መኪናው ከመጋሉ የተነሳ ሚስቱ ካውያ ሳታበራ ጀርባው ላይ ሁለት ሸሚዝ ተኩሳለች። ዓርብ ማታ ሁሉም አለቀ። አንድ ሺህ ስምንት መቶው ባዶ የፕላስቲክ ሣጥን ግቢው ውስጥ ተቆልሎ ጣሪያ አከለ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አልጋው ገባ። ሁለት ጣት እየተፍነከነከ የመጀመሪያውን ኪስ መሳቢያው ውስጥ አቁሞ ገፋው። መሳቢያው አልተዘጋም። ሌላ ሞከረ፤ በእሱም አልተዘጋም። አናጺው መሳቢያውን የሠራው በሲዲው ልክ ነው፤ አናጺ ደግሞ ለማንም ትርፍ አይተውም።

ሚስቱ አንዱን ኪስ ተቀብላ ነቀነቀችው። ሲዲዋ በአባቱ ጫማ እንደሚሄድ ሕፃን እግር ውስጡ ወዲያ ወዲህ አለች።

«ይሄ ከላይ የተረፈው ምንድን ነው?»

«ትርፍ ነው።»

«የምን ትርፍ?»

«ሁለት ጣት... እጄ ለምዶበት ነው። ድንገት...»

«ድንገት ምን? ድንገት ብትወፍር? አንተ ሰውዬ፣ ሲዲ አይወፍርም!»

ይህ ጩኸት ሦስተኛው መንገድ ድረስ ተሰምቷል። እኔ ራሴ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተቀምጬ ሰምቼ ሱሪዬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ያን ጊዜ የፒካፑ ጥሩምባ በር ላይ ጮኸ። የሚስቱ ወንድም ብቅ አለ። «ጋሼ፣ የትኛውን ነው የምጭነው?»

ሁለት ጣት ወለሉ ላይ በኪስ ክምር መሐል ተቀምጦ ስፌት ይተረትር ጀመር። አንዱን ተርትሮ ሲያሳጥር ሰዓቱን አየ፤ በዚህ አያያዝ የሚጨርሰው እሱም ጡረታ ሲወጣ ነው።

አማቱ ቡናማ ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ። ረጅም ሴት ናቸው፣ በሩን ጎንበስ ብለው ነው ያለፉት። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ደርድረዋል። ልጃቸውን ስመው ሳይጨርሱ ዓይናቸው ኪሶቹ ላይ አረፈና አንዱን አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ልጄ፣ የዚህ አድራሻው የታለ?»

«ምን አድራሻ፣ እማማ?»

«እዚህ ውስጥ ማን እንዳለ በምን ታውቃለህ? አንዱን ስትፈልግ ሺውን ልታወጣ ነው?»

ሁለት ጣት ኪሱን አገላብጦ አየ። የድሮው ሣጥን ወፍራም ስለነበር ስሙ ጀርባው ላይ ይነበብ ነበር። እሱ ደግሞ ውፍረቱን ሲጥል ጀርባውንም አብሮ ጥሎታል።

«ቀጭን ነገር ጀርባ የለውም» አሉ አማቱ። «አድራሻው አናቱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ይሄ ከላይ የተረፈው ጨርቅ ለምንህ ነው?»

«ለምንም አይደለም። ስህተት ነው።»

«ማን ነው ስህተት ያለው?» ትርፉን ወደ ፊት እጥፍ አደረጉት። ከሽፋኑ ወረቀት ላይ ስሙ ያለበትን ቀጭን ቁራጭ ቆርጠው እጥፉ ውስጥ ሰኩት፤ ስሙ አናቱ ላይ ብቅ አለ። ኪሱን መሳቢያው ውስጥ አቁመው መሳቢያውን በጉልበታቸው ነካ አደረጉት። መሳቢያው ያለ ምንም ድምፅ ተዘጋ።

ከዚያ ሚስቱ «መቀስ አምጡልኝ!» አለች።

እሷ ስም ትቆርጣለች፣ ሁለት ጣት ያጥፋል፣ ሊጭን የመጣው ወንድሟ ስሙን እየጮኸ ያነባል። አማቱ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን ኪስ እንደ ደብዳቤ ይወረውራሉ። ኪሱ አየር ላይ ተንሳፍፎ ተራውን ጠብቆ መሳቢያው ውስጥ ይቆማል። አንድም አልሳቱም። አንዱ ሰማያዊ ብቻ ቀዮቹ መሐል ገባ፤ በኋላ ስናየው በእርግጥም ፍቅርም ተኩስም ያለበት ፊልም ነበር።

ፀሐይ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት ሦስቱም መሳቢያ ተዘጋ። ሚስቱ ክፍሉን ዞራ አየች። አልጋው ሥር አየች፣ መጋረጃውን ገለጠች። ከዚያ የፊልም ማጫወቻውን ቁልፍ ተጫነችው። ምላሱን አወጣ፤ ምላሱ ላይ አንዲት ሲዲ።

ባለኮቱ ወንበዴ።

«ቃል ቃል ነው» አለች፣ ሳቋን እንደ ምንም አፍና። «ከመሳቢያው ውጪ አንዲት ካየሁ ብዬ ነበር።»

ሁለት ጣት ዓይኑን ጨፈነ።

«ተይ አንቺ!» አሉ አማቱ አልጋቸው ላይ ረጅም እግራቸውን እየዘረጉ። «እኔ እንግዳ ነኝ፣ ዛሬ ፊልም ልይ። አንተም ና፣ ተቀመጥ። ይሄ ሰውዬ ኮቱን የት ነው ያሰፋው?»

ፒካፑ የሄደው ባዶ ሣጥኖቹን ጭኖ ነው። አየር ስለሆነ ጎማው መሬት መንካቱን እጠራጠራለሁ። ቤቱም በማግሥቱ ቀና አለ፤ ኳሱ በሩ ላይ ዝም ብሎ ይቆማል። ዛሬ ኮት ላሰፋ ብለህ ብትገባ፣ አማቱ ከአልጋቸው ሳይነሱ እጃቸውን ወደ ታች ልከው «ባለ ሁለት ቁልፍ ነው ባለ ሦስት?» ይሉሃል፤ አንተ ሳትመልስ ፊልሙ እጅህ ላይ ነው።

አሁን ምላሴ ስለሚያሳስበኝ አንድ ነገር ልናዘዝ። የአማቱ ሻንጣ ቡናማ አልነበረም፤ ጥቁር ነው። ቡናማ ያልኩት ለዓይን እንዲያምር ብዬ ነው። በቀረው ላይ ግን፣ ሁለቱ ቀርቶ አንድ ጣት አልጨመርኩም።