ኮረሪማን ያገኘው ሰው

ባሌ ያህያ ፖርቱጋሎችን ይንቃል። ንቀቱ የጀመረው ልጃችን አፍናን ስለ ቫስኮ ዳ ጋማ ፖስተር ሥሪ ተብላ ከትምህርት ቤት የመጣች ቀን ነው። ሚኒሶታ፣ ክሪስታል የሚባል ከተማ ባለችው የቅመም ሱቃችን ጓዳ ቁጭ ብላ ስትጽፍ፣ እሱ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ እያነበበ ይስቅ ጀመር። ሰውዬው ቅመም ፍለጋ አፍሪካን በመርከብ ሲዞር ከርሞ ማሊንዲ ይደርሳል። ከማሊንዲ ወዲያ ያለውን ባሕር ግን አያውቀውም። የአገሩ ንጉሥ መንገድ የሚያውቅ መሪ ሰጠው፤ መሪውም አንድ ወር ሳይሞላ ህንድ አደረሰው። እዚያ ለህንዱ ንጉሥ ያቀረበው ስጦታ ባርኔጣ፣ የእጅ መታጠቢያ ሳህንና ማር ስለነበር የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሳቁበት። ያህያም እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ሳቁን ያቆመው የመሪውን ስም ፈልጎ ሲያጣ ነው። የመርከቦቹ ስም ተጽፏል፣ የአለቃቸውም ተጽፏል። መሪውን ግን አንዱ መጽሐፍ እገሌ ነው ሲል ሌላው አይደለም ይላል፤ እርግጡን የሚያውቅ የለም።

"መንገድ ያሳየው ሰው ስሙ ጠፍቶ፣ ተመርቶ የሄደው አገኘ ይባላል?" አለ። "ይሄ ሌብነት ነው። እንደዚህ ብለሽ ጻፊው።"

"ኢትስ ጀስት ኤ ፖስተር፣ ዳድ" አለችው አፍናን።

እኔ አጠገባቸው ኮረሪማ እየፈለፈልኩ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ ተረቱ ለወንድም ይሠራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮረሪማ የሚበቅልበት የጌራ ጫካ፣ ከጅማ ወዲያ፣ እኔ የተወለድኩበት አገር ነው። ያህያ የመርካቶ ልጅ ነው። ኮረሪማን በጆንያ ተከምሮ ከማየት ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ከዛፍ የሚለቀም ይመስለው ነበር። ከተክሉ ግርጌ፣ ከመሬት ብቅ እንደሚል የነገርኩት እኔ ነኝ። ሱቁን ስንከፍት እዚህ ከተማ የሚሸጠው ኮረሪማ ሽታው የጠፋ ገለባ ነበር። ሂድና ከምንጩ አምጣ ያልኩትም እኔ ነኝ። አጋሮን አልፈህ የጌራ ከተማ ጪራ ውረድ፣ ወንድሜን ባህሩዲንን ጠይቅ፣ በጭስ የደረቀውን ተው፣ በገመድ ተሰክቶ ፀሐይ ላይ የደረቀውን ውሰድ፣ አንዷን ሰብረህ ሳታሸት እንዳትገዛ አልኩት። ባህሩዲን ከአውቶቡስ ተቀብሎ፣ እጁን ይዞ ቤት ለቤት አዞረው። ጌታው ተመልሶ ሲመጣ "አገኘሁት" አለ። ኮረሪማው በሚሸጥበት ፓኬት ላይም ባርኔጣ ያደረገበትን ፎቶውን አሳተመ።

ፖስተሩ በተሠራበት ዓመት፣ አንድ እሑድ፣ የአገራችን ልጆች የሆኑ ነጋዴዎች ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚባለው ጎረቤት ከተማ ምሳ አዘጋጁና ያህያ ስለ ሥራው እንዲናገር ጋበዙት። ወደ አዳራሹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ስሜን አንዴ እንዲጠራ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። እሺ አለ።

ከዚያ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ወንዝ ተሻገርኩ አለ፣ ጫካ ሰነጠቅኩ አለ፣ "ማንም ሳይመራኝ፣ በአላህ ፈቃድ ብቻ" አለ። አጨበጨቡለት። ያ ፖርቱጋል እንኳ መሪ እንደነበረው አልካደም።

ያህያ "ኤግዚቱ የቱ ነው?" ብሎ እኔን ሳይጠይቅ ከሀይዌይ ወርዶ አያውቅም። የዚያን ቀን ስንመለስ ዝም አልኩት። ቤታችን ቅርብ ነበር፤ እሱ ግን ድራይቭ አደረገ፣ አደረገና ሌላ ከተማ፣ ኤደን ፕሬሪ፣ መጋዘኖች መሀል ገባን። የት ነው ያለነው ሲለኝ፣ ፈልገህ አግኘው አልኩት። አፍናን ከኋላ ሳቀች።

ተኮራርፈን ሰነበትን። የሚቀጥለው ጉዞው ሲደርስ ለባህሩዲን እንዳልደውል ከለከለኝ። መንገዱን አሁን ያውቀዋል፣ የአገሩም ሰው እሱን ያውቀዋል። የራሱ ፎቶ የታተመበት ቲሸርትና ኮፍያ ለስጦታ አንድ ሻንጣ ሞልቶ ሄደ። በባርኔጣና በሳህን የሳቀው ሰው ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። ያህያ ነው፣ ከጪራ። ባህሩዲን ለጉዳዩ ጅማ ሄዷል፤ ያለ እሱ ደግሞ ያህያን የሚለይ ሰው ጠፋ። ኮረሪማው በየቤቱ ተንጠልጥሏል፣ የሚሸጥለት ግን የለም። ኮፍያውን ልጆች አድርገው ይጫወቱበታል። አዴ ኑርያ፣ እሳቸው ሳይሸጡ ማንም የማይሸጥ የመንደሩ አሮጊት፣ ይህን ሰው አላውቀውም ብለዋል።

"ከሚ፣ ስልኩን ልስጣቸውና አንድ ነገር በያቸው" አለኝ።

"ማን እንደመራህ መጀመሪያ አንተው ንገራቸው።"

"ሰው ተሰብስቧል እኮ።"

"ሴንት ሉዊስ ፓርክም ሰው ተሰብስቦ ነበር።"

ባዶ እጁን ከተመለሰ ሱቃችን እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ግን አልራራሁለትም። በመጨረሻ፣ ከእኔ በቃረማት ኦሮምኛ እየተንተባተበ፣ "እኔ የከሚሪያ ባል ነኝ። መንገዱን ያሳየችኝ እሷ ናት" ሲል ሰማሁት።

የአዴ ኑርያ ድምፅ ከጀርባ መጣ። "ታዲያ የከሚሪያ ባል ነኝ አይልም ነበር? እስካሁን ምን አለፋው?"

መሸከም እስኪያቅተው ሰጡት።

አሁን ፓኬቱ ላይ ስሜ ከፎቶው ሥር ገብቷል፤ ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል። ሚኒሶታ ውስጥ ኮረሪማን ያገኘው ያህያ ነው ይሉታል። ይበሉት። በቀደም ባህሩዲን ሲደውል የጌራ ሰው ባሌን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠየቅኩት። የከሚሪያ ባል ነው የሚሉት፣ ስሙን የሚያውቅ የለም አለኝ።