ሃያ አምስት ስም የሚይዘው ሰርቨር

የበርና መስኮት ፋብሪካውን ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሰውዬ በቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ይሉታል። በጎኑ ሲዞር ጥላው ይጠፋል ብለው የሚምሉ አሉ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ብስጭት ጨምሮበት ጭራሽ ክር አክሎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥዕሉም የትእዛዙም ፋይል የሚቀመጥበት ሰርቨር የሚሠራበት ሶፍትዌር ትንሹ ዓይነት ነው፤ ለትናንሽ ድርጅቶች በርካሽ የሚሸጥ፣ ከሃያ አምስት ሰው በላይ የማያስገባ። ሃያ አምስቱም ሞልቷል። ሽቦ "ነይ፣ እኔ አለሁልሽ" ብሎ ከደህና ሥራዋ ያስለቀቃት ንድፍ አውጪ ግን ስሟ ሳይገባ፣ ባዶ ስክሪን ላይ እንዳፈጠጠች አራተኛ ቀኗን ያዘች። ጠዋት ቁርጡን ነገረችው።

"የድሮው አለቃዬ ወንበሬን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆይልኛል። እስከዚያ ስሜ ካልገባ እኔና አንተ አልተዋወቅንም።"

ሽቦ ሮጦ ለሶፍትዌር ሻጩ ደወለ።

"ተለቅ ያለውን ዓይነት ፈልጌ ነበር።"

"የማሽኑ አንጎል ስንት ኮር ነው?"

"ስምንት።"

"የአሥራ ስድስት ትከፍላለህ።"

"ስምንት ነው እኮ ያልኩህ!"

"ከአሥራ ስድስት በታች አንሸጥም። የሰዎቹ መግቢያ ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ነው። በሰው ይሁንልህ በማሽን?"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"የሚነበብ እልክልሃለሁ።"

የሚነበበው መጣ። ፕሪንተሩ ገና ግማሹ ላይ አቃስቶ ጡረታ ጠየቀ፤ እስከዚያ የታተመው ግን ደረጃውን ወርዶ ጥበቃው እግር ሥር ደርሷል ይባላል። ሽቦ ዓይኑ እስኪቀላ አነበበ። በሰው ሲያሰላው ሦስቱም ፈረቃ ሊቆጠርበት ነው፤ በማሽን ሲያሰላው የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስልክ ሳይቀር ማሽን ሆኖ ተገኘ። ከወዲያም እሳት፣ ከወዲህም እሳት።

ዋጋውን ይዞ ወደ ባለቤቱ ገባ። እሳቸውን ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል።

"እኔ በር ስሸጥ" አሉ ጋሼ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፣ "በበሩ የሚያልፈውን ሰው ቆጥሬ አስከፍላለሁ?"

"እሺ፣ አይግዙ። ካለው ላይ አንድ ስም እንሰርዝ።"

ጉዱ የፈላው ይሄኔ ነው። ለካስ ጋሼ ሰርቨሩን የቤተሰብ መዝገብ አድርገውታል!

"ሟቹ ሸሪክዎ ይውጡ?"

"አፈሩ ሳይደርቅ?"

"ከሞቱ ስምንት ዓመታቸው እኮ ነው!"

"ለእኔ ትናንት ነው።"

"አማችዎስ? ባሕር ማዶ ነው ያለው።"

"ልጄን ልታፋታት ነው?"

"ጥበቃው ይውጣ። ኪቦርድ ነክቶ አያውቅም።"

"ስሙ ስላለ አይደል ዓይኑን ሳይከድን የሚጠብቀው?"

"እናትዎስ?"

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። "እናቴን? በዘጠና ዓመቷ ከፋብሪካ ተባረሽ ልበላት?"

ሽቦ የእጅ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል አልፏል። ስልኩን አውጥቶ ራሱ ለጋሼ እናት ለእማማ ደወለና ጋሼም እንዲሰሙ ድምፁን ለቀቀው።

"እማማ፣ ስምዎን ከሰርቨር ላውጣው ብዬ ነበር።"

"ምኑ ነው እሱ?"

"ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ቀን ከሌት እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ የሚቀመጥ።"

"እዚያ ውስጥ ማን ከተተኝ?"

"ልጅዎ።"

"ሳያማክረኝ? ወገቤን እያወቀ በብርድ? አውጣኝ የኔ ልጅ፣ አሁኑኑ አውጣኝ!"

ጋሼ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ሽቦ የእማማን ስም ሰርዞ የንድፍ አውጪዋን አስገባ፤ ሰርቨሩ እንደ ልማዱ አዛግቶ፣ አሰላስሎ፣ በስንት ምልጃ እሺ አለ። ሽቦ ደረጃውን በሦስት ዝላይ ወረደ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ ይላል።

ንድፍ አውጪዋ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ጋ ደርሳለች።

"ስምሽ ገባ! ሥራሽን ጀምሪ!"

"ልክ ዘጠኝ ላይ ለድሮው አለቃዬ ደውዬ እመለሳለሁ አልኩት።"

"በሃያ ደቂቃ ነው የምትሄጂው?"

"በአራት ቀን" አለችው። ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ሄደች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ሽቦ እግሩን እየጎተተ ተመለሰ። ጋሼ ስክሪኑ ላይ ተደፍተው ስሞቹን በጣታቸው ይቆጥራሉ።

"ሄደች?"

"ሄደች።"

"እንግዲያ አንድ ቦታ ተገኘ ማለት ነው" አሉ፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ። "የባለቤቴ ወንድም እኔን ረሳችሁኝ ብሎ አኩርፏል። በል አስገባልኝ።"

ሽቦ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ።

"የአባቱ ስም ማን ይባላል?" አለ፣ ጥርሱን ነክሶ።