አረንጓዴ የሚያበሩ ሙታን

ፕሮፌሰሩ ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣና ተመራማሪዋን፣ «ቀዩን ቀለም ዛሬ ተዪው» አላት። በአፏ አንቱ ትበለው እንጂ በልቧ አንተ ካለችው ሰንብታለች።

ሥራቸው ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት መሥራት ነው። ቅንጣቱን ዘረመል ያሸክሙትና ከሕመምተኛ ደም ወደ ወሰዱት ነጭ የደም ሴል ያስገቡታል። ዘረመሉን የተቀበለ ሴል አረንጓዴ ያበራል፤ ወደ ሕመምተኛው ሲመለስ ካንሰሩን እያደነ ይገድላል ተብሎ ይጠበቃል። ችግሩ የሞተ ሴልም አረንጓዴ ማብራቱ ነው። ሙቱን ከሕያው የሚለየው ሙት ውስጥ ብቻ የሚገባው ቀይ ቀለም ነው። አዲሶቹ ቅንጣቶች ደግሞ ሴሉን እየፈጁት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሙከራው በሰው ላይ ይጀመር እንደሆነ የሚወስኑት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ይኼ ሰውዬ የሬሳ ክምር ስኬት ብሎ ሊያሳያቸው ክራባቱን አሳምሮ አስሯል። ይባስ ብሎ ማይክሮስኮፑ ላይ ተጎንብሶ፣ ሴሎቹ እንዴት እንደሚያምሩ እየነገራት ፈገግ አለ። የሽቶው ሽታ እንኳ አንገሸገሻት።

ሲወጣ፣ «የወንድምሽን ስም የሚታከሙት ሰዎች ዝርዝር መጀመሪያ ላይ አስገብቼዋለሁ» አላት። «ደውዬም ነግሬዋለሁ።»

ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ ደወለ። የደም ካንሰሩ ለመድኃኒት ሁሉ እምቢ ብሏል። ፕሮፌሰሩ፣ እህትህ ካላደናቀፈችን በቅርቡ ትጀምራለህ ብሎታል። በታመመ ሰው መነገዱ አንጀቷን አቃጠላት።

«እህትዬ፣ እባክሽ ዝም በይ።»

«ቅንጣቱ ሴሎቹን እየገደላቸው ነው እኮ። አንተ ውስጥ የሚገባው ሬሳ ነው።»

«ይግባ። ከምንም ይሻላል።»

ገምጋሚዎቹ ፊት ቀዩን ቀለም ጨመረች። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው ሁሉ በቀይ ተዋጠ። ፕሮፌሰሩ ላብ በላብ ሆኖ ጥፋቱን እሷ ላይ ሊደፈድፍ ሞከረ። ይደገም አሉ፤ ተደገመ፤ ያው ሆነ። ሙከራው በሰው ላይ እንዳይጀመር ታገደ።

ከሥራ በቀጥታ ወንድሟ ቤት ሄደች። መታገዱን ሰምቷል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጁን ያዘች። ወንድሟ እጁን ቀስ አድርጎ አወጣና እሷ የያዘችውን ቦታ በአንሶላው ጠረገ።

«ሂጂ» አላት።