ሰው የሚሸከም ደለል

የሜግና ወንዝ ባሕር በሚገባበት አፉ ላይ ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ዶሮዎች እንኳ በአንድ እግር ነው የሚቆሙት፤ ሁለተኛውን የሚያሳርፉበት ቦታ የለም። ስለዚህ ወንዙ ደለል ተፍቶ ደሴት በወለደ ቁጥር አገሩ እንደ ጉንዳን ይወጣል። ሕጉ አጭር ነው፦ የመንግሥት መሬት ቀያሹ ሲመጣ ደለሉ ላይ የተገኘ ሰው በስሙ ይጻፍለታል። ደለሉ ሰው ካልተሸከመ ግን ውሃ ነው፤ ለማንም አይጻፍም።

ቶራብ ያባቱን መሬት ወንዙ የበላበት፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ነበር። ሌላው ትልቁን ደሴት ሲሻማ፣ እሱ ከጎን ብቅ ወዳለችው ትንሿ ሮጠ። ሮጠና እስከ ጭኑ ሰመጠ።

ከጎኗ ያለውን ደለል አምና የያዘው ከራማት በጀልባ ደረሰ፤ ገመድ ይዟል።

«ቶራብ፣ ማን ተከለህ? ሩዝ መሰልከኝ እኮ!»

«ሂድ ወዲያ! መሬቴ ላይ ነኝ።»

«ገመዱን ያዝና ውጣ፣ አንተ ሞኝ።»

«ስወጣ ልትገባበት? አያ ብልጦ!»

ይሄኔ የቀያሹ ጀልባ መጣች። ቀያሹ አንገቱን አስግጎ «ይሄ ሰውዬ ምነው አጠረ? ሰምጦ ነው?» አለ።

ቶራብ አሰላ፦ አዎ ካለ መሬቱ ውሃ ሆነ ማለት ነው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ተንበርክኬ እየሰገድኩ ነው።»

«መካ እኮ በጀርባህ ነው።»

«ከደስታ ብዛት ዞሮብኝ ነው፣ ጌታዬ!»

ቀያሹ ወደ ከራማት ዞረ። «እውነቱን ነው?»

ከራማት ጢሙን ዳበሰ። «እውነቱን ነው ጌታዬ። ደለሉ ድንጋይ ነው፣ ዝሆን ይሸከማል።»

ቶራብ በዚያች ደቂቃ ከራማትን እንደ እናቱ ልጅ ወደደው። አራት ቢጋ መሬት በስሙ ተጻፈ፤ ቀያሹም ጉዞውን ቀጠለ። ቀትር ላይ፣ ጧት ሸሽቶ የነበረው የባሕሩ ውሃ እንደ ልማዱ ተመልሶ ወገቡን ነካው።

«በል ወንድሜ፣ ገመዱን ወርውርልኝ።»

ከራማት ገመዱን ጠቅልሎ ተቀመጠበት። «ቅድም ብትወጣ ኖሮ የምጎትተው አንድ ሰው ነበር። አሁን ከነአራት ቢጋህ ነህ፤ ወገቤን ያመኛል።»

«ውሰደው! ያንተ ይሁን፣ ወላሂ!»

«ማን ሰማህ? ቀያሹ ሄዷል። ደግሞስ ወራሽ የሌለው ሰው መሬት ለድንበርተኛው ያልፋል፤ በመሐላ ምን አደከመህ?»

ቶራብ ሁለት እጁን እያወዛወዘ፣ ትልቁን ደሴት ሲለካ ወደሚታየው ቀያሽ ጮኸ። ቀያሹም ከሩቅ አየውና፣ ምስጋና መስሎት እጁን አነሣለት።

ውሃው አገጩ ላይ ሲደርስ ከራማት ጀልባው ውስጥ ጋደም አለ። ውሃው ተመልሶ እስኪሸሽ ብዙ ሰዓት ይቀረዋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚታረስ መሬት አለው።