ከአጥሩ ሥር ደህና ይታያል

«ፈረሱ ከደጃፍ፣ ጋሻው ከግድግዳ፣
ወዴት ሄደ ጌታው ጥሎ ይህን ሜዳ።»

አልቃሿ ብዙነሽ ይህን ስታወርድ ዳሱን የሞላው ሰው አብሯት አነባ። የሟቹ የይርጋ ሚስት የእቴነሽ እንባ ግን ቆመ። ይርጋ ፈረስ አልነበረውም፤ ጋሻም አንግቶ አያውቅም። ከግድግዳው የተሰቀለው ወንፊት ነው። ደጅ የታሰረችውም ለለቅሶው እንጨት ጭና የመጣች የጎረቤት አህያ ናት።

ወንድሟ አለሙ ፊቷን አይቶ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«ምን ታድርግ ብለሽ ነው? የወንድ ለቅሶ ያለ ፈረስ አያምርም።»

«በሙት ላይ ባትዋሽስ? ያለውን ትበልለት።»

«ምን ነበረው?»

እቴነሽ ውሸቱ አንገሽግሿት ሳለ እውነቱን ከየት እንደምትጀምረው ጠፋት።

የገና ጨዋታ ነበረው። ይርጋ ከእብናት መጥቶ የሰፈረ፣ የግራዝማች ዘውዱን መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። የልደት በዓል ደርሶ የታች አምባና የላይ አምባ ሰዎች ለገና ጨዋታ ሲጋጠሙ ግን ጭሰኛነቱን ይረሳዋል። ዱላ ይዞ የሚገባው ባለርስት ስለሆነ እሱን ያስገባው የለም። ዳር ቆሞ ይጮኻል። የእንጨት ኳሷ፣ ጥንጓ፣ ወደ ሄደችበት እሱም በሜዳው ዳር ይሮጣል፤ የታች አምባ ሰው ሲስታት እጁን ነክሶ መሬት ይቀመጣል። ንጉሡ ደብረ ታቦር በሰፈሩበት ዓመት ሜዳውን ድንኳን ያዘውና ጨዋታው ወደ ገሳይ በኩል ሄደ። እዚያም ስንቁን ቋጥሮ ተከተላቸው።

ታች አምባ ባሸነፈ ጊዜ ግራዝማች ዳስ ጥለው ያበላሉ። የሚገባው ብቅልና ቅቤ ያዋጣ ባለርስት ነው። ይርጋ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ዘፈኑ እስኪያልቅ ያያል።

እቴነሽ አንድ ዓመት ልትጠራው ሄዳ ነበር። ከዳሱ የተወረወረ አጥንት እግሩ ሥር ወደቀ፤ ውሾች ተራኮቱበት። ይርጋ ዓይኑን ከዳሱ ሳይነቅል ለውሾቹ እግሩን አነሳላቸው።

«አታፍርም?» አለችው።

«ከአጥሩ ሥር ደህና ይታያል» አላት በተዘጋ ድምፁ። «ያሸነፍነው እኮ እኛ ነን።»

ቀፈፋትና ምራቋን ተፋች። እቤት ሲገቡ ግን እንደ ወትሮው ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በሙቅ ውኃ በጥብጣ ማር ጣል አድርጋ ሰጠችው። በየዓመቱ ድምፁ የሚከፈተው በዚያ ነው።

ዘንድሮም ታች አምባ አሸነፈ። ይርጋ ላቡ ሳይደርቅ ከጉና በሚወርደው ነፋስ ከአጥሩ ሥር ቆሞ አመሸ። ሲመጣ ተልባውን መጨረስ አቃተው። ጎኑን ውጋት ያዘው፣ ከጥምቀት በፊትም ተቀበረ።

በሰልስቱ ግራዝማች ዘውዱ መጡ። ቁርበት ከተነጠፈበት ከፍ ካለው የዳሱ መደብ ላይ ተቀምጠው ንፍሮውን በእፍኛቸው እየዘገኑ ይቅሙ ጀመር። አናታቸውን የተቀቡት ቅቤ ቀልጦ በአንገታቸው ይወርዳል። የሽምብራውን ገለፈት ጣታቸው ላይ ተፍተው በቁርበቱ ይጠርጉታል። እቴነሽ በእፍኟ የያዘችውን ንፍሮ መልሳ ከሰፌዱ አፈሰሰችው።

«ይርጋ የኛ ነበር» አሉ አፋቸው እንደሞላ። «ያለ እሱ ጩኸት ጥንጓ አትሄድልንም ነበር። ከመካከላችን ቦታው ባዶ ሆነ።»

ሰዎቻቸው አዎን፣ አዎን አሉ።

«በሰባቱ ተመልሼ እመጣለሁ። የመሬቱንም ነገር ያኔ እንጨርሳለን፤ አይዞሽ።»

ሲሄዱ አለሙ ደስታውን መሸሸግ አቃተው። «ሰማሽ? ማሳውን ሊተዉልሽ ነው። ደህና አድርገሽ ተቀበያቸው እንጂ።»

«ቦታው የት ነበር?» አለች እቴነሽ።

«የምን ቦታ?»

እቴነሽ ግራዝማች የጠረጉበትን ቁርበት ደጅ አውጥታ በአመድ ፈተገችው።

በሰባቱ ጠዋት ጸሎቷን አድርሳ የይርጋን ጋቢ ከመስቀያው አወረደች። አጥፋ ከመደቡ ላይ፣ ከንጹሑ ቁርበት መካከል አኖረችው።

«ምን ነካሽ?» አለ አለሙ። «ያ የግራዝማች ቦታ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«መሬቱስ? በምን ልትኖሪ?»

«ከነጠቁኝ እብናት ከይርጋ ዘመዶች እገባለሁ። ከእጃቸው በልቼ ግን አይወርድልኝም፣ አለሙ። በሰልስቱ ንፍሮውን አብሬያቸው ልቅም ሞክሬ ነበር፣ አልወርድ አለኝ።»

ግራዝማች ከነሰዎቻቸው ገቡ። «እግዜር ያጥናሽ» ብለው በቀጥታ ወደ መደቡ አመሩ።

«ሰው አለበት፣ ጌታዬ» አለች እቴነሽ።

ቆም ብለው ጋቢውን አዩ። «ማን?»

«ይርጋ።»

ብዙነሽ ልታወርድ የከፈተችው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ግራዝማች ሊስቁ ከጀሉና ተዉት።

«ታዲያ እኔ የት ልሁን?»

እቴነሽ በእጇ ወደ ውጭ አመለከተች። «ከአጥሩ ሥር ይቁሙ። ደህና ይታያል፤ እሱ እንዲያ ይለኝ ነበር።»

ሁሉም ዞሮ አጥሩን አየ። አንድ ውሻ ተኝቶበታል። ግራዝማች ኩታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። ሰዎቻቸውም የዘገኑትን ንፍሮ እንደያዙ ተከተሏቸው።

«አለቀ» አለ አለሙ። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ተቀመጠ። «ማሳው ሄደ።»

«ሄደ» አለች እሷም።

ብዙነሽ ወደ እቴነሽ ጠጋ አለች። «እንግዲህ እኔስ ምን ልበል፣ እቴ?»

«ገና ይወድ ነበር በይ። ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኽላቸው ነበር በይ።»

አልቃሿ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ እንደምትለው ጀመረች፦

«ሲጮኽላቸው ዋለ ድምፁ እስኪዘጋ፣
ከአጥሩ ሥር አመሸ በነፋስ ሲወጋ።»

ይህን ጊዜ የእቴነሽ እንባ መጣ። አልጠረገችውም። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና ማለዳ የወቀጠችውን ተልባ በሙቅ ውኃ በጠበጠች፤ ማሩንም ጣል አደረገችበት። በይርጋ ዋንጫ ይዛው ወጥታ ከጋቢው አጠገብ አኖረችው። እንፋሎቱ ገና አልበረደም። ዝንብ እንዳይገባበት በመዳፏ ከደነችውና እጇን ሳታነሳ ከመደቡ ሥር ተቀመጠች።